የባሕር ዓሣ በቦሌ ከፍታ፦ ለይቶ ማቆያና አመጋገብ

የባሕር ዓሣ በቤቱ ለማኖር የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ገንዳው ስፋት፣ ስለ መብራቱና ስለ ዓሣው ቀለም ነው። ገንዳው የሚቀመጠው በቦሌ ከሆነ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም ጥያቄ አለ። ይኸውም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ በሆነበት ስፍራ፣ ባሕር ውስጥ ተፈልፍሎ ያደገ ፍጡር በምን ኦክስጅን ይኖራል? የሚለው ነው። ስለ ባሕር ዓሣ አያያዝ የተጻፉት መመሪያዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም በባሕር ጠለል አካባቢ ለሚኖሩ ሰዎች የተሰናዱ በመሆናቸው ይህን ጥያቄ አያነሡትም። ስለዚህ እኛ እናነሣዋለን።

በመመሪያዎቹ ዘንድ አዲስ ዓሣን ለይቶ ማቆየትና ዓሣውን መመገብ ሁለት የተለያዩ ምዕራፎች ናቸው፤ አንዱ የሕክምና፣ ሌላው የቀለብ ጉዳይ ሆነው ይቀርባሉ። በደጋ ከተማ ግን ሁለቱ ከአንድ ካዝና የሚወጡ ወጪዎች ናቸው። ካዝናው በውሃው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን ነው። የዓሣው ትንፋሽ፣ የምግብ ትርፍራፊ መበስበስ፣ የባክቴሪያዎች ሥራ፣ አንዳንዴም መድኃኒቱ ራሱ ከዚያው ከአንድ ካዝና ይቀዳሉ። ውሃው እንደ መስተዋት ጠርቶ፣ ዓሣው ቀለሙ ሳይደበዝዝ በሁለተኛው ሳምንት ሞቶ ሲገኝ ምክንያቱን ለመረዳት ይህን ሒሳብ መሥራት ያስፈልጋል። ሒሳቡ ደግሞ ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ያለፈ ዕውቀት አይጠይቅም።

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አለመሆኑን አስቀድመን እንናገር። ለጌጥ ከሚሸጡት የባሕር ዓሣ ዝርያዎች እጅግ የሚበዙት በሰው እጅ የተፈለፈሉ ሳይሆኑ ከኮራል አለቶች መካከል የተያዙ ናቸው። በቦሌ አንድ ዓሣ ሲሞት ከባሕሩ አንድ ዓሣ ጎድሏል ማለት ነው።

ከአውሮፕላን እስከ ገንዳ

ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። በመሆኑም ለሕያው የባሕር ዓሣ አመቺው መንገድ የአየር መንገድ ነው። ዓሣው የሚጓዘው አንድ ሦስተኛው ውሃ፣ ሁለት ሦስተኛው ንጹሕ ኦክስጅን በሆነበት የታሰረ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ነው። ከረጢቱ የታሰረው በባሕር ዳር በ101 ኪሎ ፓስካል ግፊት ከሆነ፣ የቦሌው ግፊት 77 ኪሎ ፓስካል ገደማ በመሆኑ፣ በቦይል ሕግ መሠረት 6 ሊትር የነበረው ጋዝ ወደ 8 ሊትር ይጠጋል። ከረጢቱን እስከ አፉ ሞልቶ ማሰር ከመፈንዳት የማያድን መሆኑን ላኪዎች ያውቁታል፤ የማያውቁት የመድረሻውን ከፍታ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በአብዛኞቹ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ውስጥ ያለው ግፊት በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው እንዳያንስ ተደርጎ ይጠበቃል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚያበረው ቦይንግ 787 ደግሞ የውስጡ ግፊት ከ1,800 ሜትር ከፍታ ጋር ይመጣጠናል። ይህ ከቦሌ ያነሰ ከፍታ ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ ወደ ቦሌ ሲወርድ የውስጡ ግፊት እንደ ሌሎች ከተሞች አይጨምርም፤ ይልቁንም ይቀንሳል። ከረጢቱም አውሮፕላኑ እየወረደ ሳለ የበለጠ ይነፋል። ተማሪዎቻችን በመጀመሪያ የማያምኑት ይህንን ነው።

በከረጢቱ ውስጥ ሳለ ዓሣው የኦክስጅን ችግር የለበትም። ንጹሕ ኦክስጅን በ77 ኪሎ ፓስካል ማለት በቦሌ አየር ውስጥ ካለው የኦክስጅን ከፊል ግፊት አምስት እጥፍ የሚጠጋ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ዓሣው በጉዞው ሁሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድና አሞንያ ያስወጣል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ የውሃውን ፒኤች ወደ 7 አካባቢ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ያወርደዋል። ይህ ለዓሣው ባለውለታ ነው፤ ምክንያቱም በዝቅተኛ ፒኤች አሞንያው አሞንየም ወደሚባለው ብዙም ወደማይመርዘው መልክ ይለወጣል። ከረጢቱ በተከፈተ ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይበናል፣ ፒኤች ይወጣል፣ አሞንየሙም ወደ መርዘኛው አሞንያ ይመለሳል። ፒኤች ከ6.8 ወደ 8.2 ሲወጣ የመርዘኛው ክፍል ድርሻ ከ20 እጥፍ በላይ ይጨምራል።

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ መመሪያ ብዙዎች ከለመዱት የተለየ ነው። ከረጢቱን ከፍቶ የገንዳውን ውሃ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት ጠብ ጠብ እያደረጉ ማለማመድ ዓሣውን በአሞንያ ውስጥ ማቆየት ነው። የተሻለው ዘዴ የለይቶ ማቆያው ውሃ ጨዋማነት አስቀድሞ ከከረጢቱ ጋር እኩል እንዲሆን ማዘጋጀት ነው። ለዚህም የላኪውን ጨዋማነት አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የቀይ ባሕር ውሃ በኪሎ ግራም 40 ግራም ያህል ጨው ሲኖረው የሕንድ ውቅያኖስ 35 ያህል ነው። ከዚያም የታሰረውን ከረጢት በገንዳው ላይ ለ20 ደቂቃ አንሳፍፎ ሙቀቱ እኩል ሲሆን ከፍቶ ዓሣውን ወዲያው ማዛወር ነው። የከረጢቱ ውሃ ወደ ገንዳው አይገባም።

ሩብ ሲጎድል ግማሽ ይጎድላል

የሄንሪ ሕግ እንደሚያስተምረን በፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟው ጋዝ መጠን ከፈሳሹ በላይ ካለው የዚያው ጋዝ ከፊል ግፊት ጋር ቀጥተኛ ተመጣጣኝ ነው። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ 35 ግራም ጨው ያለው ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። በቦሌ ይኸው ውሃ የሚይዘው 5.1 ሚሊ ግራም ያህል ነው። በሩብ ቀነሰ ማለት ነው። ጨው የሌለው ውሃ በቦሌ 6.2 ይይዛል፤ ለዚህም ነው ወርቃማ ዓሣ በሚኖርበት ገንዳ የተገኘ ልምድ ወደ ባሕር ዓሣ የማይሸጋገረው።

ሩብ መቀነስ ብዙ ላይመስል ይችላል። ነገር ግን ዓሣው የሚጠቀመው ያለውን ኦክስጅን ሁሉ አይደለም። ለሒሳባችን ያህል ከ3 ሚሊ ግራም በታች አደገኛ ነው ብለን እንነሣ። በባሕር ጠለል ላይ ከአደጋው መስመር በላይ ያለው ስንቅ 3.7 ነበር፤ በቦሌ ግን 2.1 ብቻ ነው። ጠቅላላው በሩብ ሲቀንስ ስንቁ በግማሽ ሊጎድል ምንም አልቀረውም። ይህንን ወደ ሰዓት እንለውጠው። 80 ሊትር ውሃ ባለበት ለይቶ ማቆያ ውስጥ 50 ግራም የሚመዝን አንድ ዓሣ በሰዓት 10 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ቢጠቀምና መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ቢቆም፣ ከአየር የሚገባውን ብንተው፣ በጅቡቲ 30 ሰዓት ያህል የሚያቆይ ስንቅ በቦሌ 17 ሰዓት ያህል ብቻ ያቆያል። በገንዳው ዓሣው ብቻውን ከሆነ ነው ይህም።

ብዙዎች መፍትሔ አድርገው የሚያስቡት ሁለተኛ የአየር ፓምፕ መጨመርን ነው። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያሻል። የአየር አረፋ ውሃውን ወደ ሙሌት በፍጥነት ያደርሰዋል እንጂ ከሙሌት አያሳልፈውም። የቦሌ አየር የሚያደርሰው እስከ 5.1 ነው፤ አሥር ፓምፕ ቢገጠምም 5.1 ነው። ስለዚህ ገቢውን ማሳደግ ካልተቻለ ወጪውን መቆጠብ ግድ ይሆናል። ሙቀቱን በ28 ፈንታ በ24 ወይም በ25 ዲግሪ መጠበቅ አንዱ መንገድ ነው፤ በሞቀ ውሃ ውስጥ ኦክስጅን በጥቂቱ ይሟሟል፣ የዓሣውም ፍጆታ በየ10 ዲግሪው በእጥፍ ገደማ ያድጋል። በአንድ ጊዜ አንድ ዓሣ ብቻ ማቆየት ሁለተኛው ነው። ትልቁ ግን ምግብ ነው፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

ለምን እንለያለን?

ለይቶ የማቆየት ልማድ የጥንት ነው። በ1377 እ.ኤ.አ. የዛሬዋ ዱብሮቭኒክ፣ የያኔዋ ራጉሳ፣ ወረርሽኝ ካለበት አገር የመጡ መርከበኞች ለ30 ቀን ከከተማዋ ውጭ እንዲቆዩ ደነገገች። ቆይቶ ቀኑ 40 ሆነ፤ ኳራንቲን የሚለው ቃል የመጣውም 40 ከሚለው የጣሊያንኛ ቁጥር ነው። ሳይለዩ ማስገባት የሚያስከትለውን ግን ከራሳችን ታሪክ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። በ1880 ዓ.ም. አካባቢ በምጽዋ በኩል ከባሕር ማዶ በገቡ የታመሙ ከብቶች አማካይነት የገባው፣ «ደስታ» በሚል የማባበያ ስም የሚታወቀው የከብት በሽታ የአገሪቱን ከብት ከሞላ ጎደል ፈጀው። የሚያርስ በሬ ታጣ፤ ክፉ ቀን ሆነ። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። አንድ ገንዳ ዓሣን ከዚያ መከራ ጋር ማነጻጸር ባይገባም የጥፋቱ አካሄድ ግን አንድ ነው። ጤናማ የሚመስል እንስሳ ገባ፤ ያልታየው ነገር አብሮት ገባ።

በባሕር ዓሣ ዘንድ ከሁሉ የሚታወቀው ያልታየ እንግዳ ክሪፕቶካርዮን ኢሪታንስ የሚባለው ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ነው። በዓሣው ቆዳና በስንጥቡ ውስጥ ከ3 እስከ 7 ቀን እየተመገበ ይቆይና ነጭ ነጠብጣብ መስሎ ይታያል። ከዚያ ዓሣውን ለቅቆ በገንዳው ወለል ላይ ራሱን በሽፋን ይከልላል። በሽፋኑ ውስጥ ተከፋፍሎ አንዱ 200 ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 28 ቀን ባለው ጊዜ፣ አልፎ አልፎም ዘግይቶ፣ ልጆቹ ይወጣሉ፤ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ዓሣ ካላገኙ ይሞታሉ።

የፊዚክስ ተማሪ ይህንን ሲሰማ የኑክሌር ሰንሰለታዊ ሂደት ትዝ ሊለው ይገባል። ከ200ዎቹ አንዱ ብቻ ዓሣ የሚያገኝ ከሆነ ቁጥሩ ባለበት ይረጋል። በሰፊው ባሕር የሚሆነው ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ዓሣው ይዋኛል፣ ውሃው ይሄዳል፣ ልጆቹም ባክነው ይቀራሉ። በ80 ሊትር ውስጥ ግን ዓሣው የሚሸሽበት የለም። ከ200ዎቹ 10 ቢሳካላቸው፣ በመጀመሪያው ዙር 5 የነበረው በሁለተኛው 50፣ በሦስተኛው 500 ይሆናል። 5ቱ በስንጥብ ውስጥ ተሸሽገው አይታዩም። 50ው ሲታዩ ምናልባት 2 ወይም 3 ሳምንት አልፏል። 500ው የሚቀመጡት ደግሞ ዓሣው ኦክስጅን በሚስብበት በዚያው ስስ ሥጋ ላይ ነው። ስንጥቡ ሲያብጥና ንፍጥ ሲሸፍነው ኦክስጅን የሚያልፍበት ገጽ ይጠብባል፤ በጅቡቲ ተሸክሞት የሚቆይበት ቁስል በቦሌ ሊገድለው ይችላል።

አንድ ሳምንት ቆይቶ «ምንም አልታየበትም» ማለት ስለዚህ ምንም ማለት አይደለም። 30 ቀን ዝቅተኛው ነው፤ በመካከሉ ምልክት ከታየ ቆጠራው እንደገና ከመጀመሪያ ይነሣል።

ባዶው ገንዳና የጨው ጉዳይ

ለይቶ ማቆያው መልከ ጥፉ መሆን አለበት። አሸዋ፣ ድንጋይ፣ ኮራል አይገባበትም፤ ጥገኛው የሚሸሸግባቸው፣ መድኃኒቱንም የሚመጥጡት እነርሱ ናቸው። ዓሣው እንዲጠለልባቸው ሁለት የፕላስቲክ ቧንቧ ቁራጮች፣ አንድ ማሞቂያ፣ አንድ የስፖንጅ ማጣሪያ በቂ ነው። ስፖንጁ በዋናው ገንዳ ውስጥ ለበርካታ ሳምንታት ቆይቶ አሞንያን የሚለውጡት ባክቴሪያዎች የሰፈሩበት መሆን አለበት። አዲስ ስፖንጅ ከጌጥ አይሻልም።

ውሃው ከለገዳዲ ግድብም ይምጣ ከአቃቂ ጉድጓዶች፣ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት። ክሎሪኑን ማስወገድ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ከዚያ ጨው ይጨመራል፤ ለ80 ሊትር 2.8 ኪሎ ግራም ያህል። ብዙ ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ «የአፍዴራ ጨው አይበቃም ወይ?» የሚለው ነው። አይበቃም። የባሕር ጨው ሶዲየምና ክሎራይድ ብቻ አይደለም። ከ100 ግራም ውስጥ 14 ግራም ያህሉ ሰልፌት፣ ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌሎችም ናቸው፤ ፒኤችን የሚያረጋጋው ባይካርቦኔትም ከእነዚህ ይቆጠራል። ለገበታ የተዘጋጀው ጨው እነዚህ ተነጥለው የቀሩበት ነው። በአፋር ዝቅተኛ ምድር ዳር ዳር የተደረደሩት የኮራል ቅሪቶች ቀይ ባሕር ከ120 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት እዚያ ድረስ ይዘልቅ እንደነበረ ይመሰክራሉ። ባሕሩ ከሄደ ወዲህ የቀረው ጨው ግን ባሕር አይደለም። ለባሕር ገንዳ ተብሎ የተቀመመውን ጨው ከውጭ ማስመጣት ግድ ነው፤ ውድ መሆኑን እናውቃለን።

ጨዋማነትን በሃይድሮሜትር የሚለካ ሰው መሣሪያው በባሕር ጠለል ላይ የተሠራ ስለሆነ በቦሌ ይሳሳታል ብሎ መስጋት የለበትም። የአርኪሜደስ መርህ የሚያወዳድረው የመሣሪያውን ክብደትና የተገፋውን ውሃ ክብደት ነው፤ የስበት ፍጥንጥነት ቢለዋወጥ ሁለቱንም እኩል ይነካል። የሚያሳስተው ሙቀት ነው፤ በመሣሪያው ላይ የተጻፈውን የሙቀት መጠን መመልከት ይገባል።

በበጋ ወራት የቦሌ አየር ደረቅ ነው። ግፊቱም ዝቅ ስለሚል ተን ከውሃው ገጽ በፍጥነት ይሰራጫል። በቀን 1 ሊትር ከተነነ፣ በሳምንት ውስጥ 35 የነበረው ጨዋማነት ከ38 ያልፋል። የሚተነው ውሃ ብቻ ስለሆነ የሚተካውም ጨው የሌለው ውሃ ነው። ትነቱ ሙቀትም ይወስዳል፤ በቀን 1 ሊትር ማለት ያለማቋረጥ 28 ዋት ማጣት ነው። በመስታወት መክደን ሁለቱንም ይቆጥባል፤ ነገር ግን ጠቅላላ ከተዘጋ አየር አይለወጥምና ከዳር እስከ ዳር ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተው።

ሦስት የሕክምና መንገዶች

ምልክት ሲታይ፣ ወይም ለጥንቃቄ ሲባል፣ በሰፊው የሚሠራባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። መዳብ ከ2 እስከ 3 ሳምንት በሊትር ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊ ግራም ባለው ጠባብ ወሰን ይያዛል፤ ይህ አኃዝ ለነጻው መዳብ እንጂ በሌላ ውሁድ ታስሮ ለሚሸጠው አይሠራም። ከወሰኑ ቢያንስ ጥገኛውን አይገድልም፣ ቢበልጥ ዓሣውን ይገድላል፤ በየቀኑ የሚለካበት መመርመሪያ የሌለው ሰው ባይሞክረው እንመክራለን። ፎርማሊን ደግሞ በሌላ አገር የሚመሰገን ቢሆንም የውሃውን ኦክስጅን የሚበላ በመሆኑ በዚህ ከፍታ ከሦስቱ ተራ አውጥተነዋል።

ሁለተኛው ጨዋማነትን ከ14 እስከ 16 ማውረድ ነው። የባሕር ዓሣ የሰውነት ፈሳሽ ጨዋማነት ከባሕሩ አንድ ሦስተኛ ያህል ስለሆነ ውሃ በኦስሞሲስ ያለማቋረጥ ከአካሉ ይወጣል፤ ዓሣውም ባሕሩን እየጠጣ ጨውን መልሶ ለማስወጣት ጉልበት ያወጣል። ጨዋማነቱ ሲወርድ ይህ ድካም ይቀልለታል፤ ክሪፕቶካርዮን ግን ሽፋኑ ውስጥ እንዳለ ይጠፋል። በቦሌ ተጨማሪ ጥቅም አለው። በ15 ጨዋማነት የኦክስጅን ሙሌት ከ5.1 ወደ 5.7 ይወጣል፤ ከአደጋው መስመር በላይ ያለው ስንቅ ከሩብ በላይ አደገ ማለት ነው። ጉድለቱ ደግሞ አሚሉዲኒየም የሚባለውን፣ ከክሪፕቶካርዮን ፈጥኖ የሚገድለውን ጥገኛ አለመንካቱ ነው፤ ዝቅተኛ ጨዋማነት የሚቋቋሙ የክሪፕቶካርዮን ዘሮችም ተገኝተዋል። ወደ ቀድሞው ሲመለስ በቀናት ውስጥ ቀስ በቀስ መሆን አለበት።

ሦስተኛው ለተማሪ እጅግ የሚያስደስተው ነው፤ መድኃኒት የለበትም። ጥገኛው ዓሣውን ከለቀቀ በኋላ ልጆቹ ለመውጣት ቢያንስ 3 ቀን ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ዓሣውን በየ72 ሰዓቱ ወደ ሌላ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ወደቆየ ገንዳ ማዛወር ጥገኛውን ከኋላ መተው ነው። አራት ጊዜ ሲዛወር በ12ኛው ቀን ዓሣው ነጻ ይወጣል፤ ሁለት ገንዳዎች እየተፈራረቁ ይበቃሉ። ብዙ ጨው ይፈጃል፣ ሰዓት ማክበር ይጠይቃል። ይህም ቢሆን አሚሉዲኒየምን አያስወግድም፤ 30ው ቀንም አይቀርም።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ከማንኛውም መሣሪያ የሚበልጠው የእጅ ሰዓት ነው። በየቀኑ በተመሳሳይ ጊዜ፣ ከምግብ በፊት፣ የዓሣው የስንጥብ ክዳን በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ ቆጥሮ መመዝገብ ይገባል። ቁጥሩ ከራሱ ከቀድሞው ልማድ እየጨመረ ከሄደ፣ ነጭ ነጠብጣብ ባይታይም፣ በስንጥቡ ላይ ወይም በውሃው ውስጥ ችግር አለ።

ቀለብ

አዲስ ዓሣ በመጀመሪያው ቀን አይመገብም፤ መብራቱ ጠፍቶ ይረፍ። በሁለተኛው ቀን የሚቀርብለት የሚንቀሳቀስ ነገር ቢሆን ይመረጣል። ደረቅ የአርቴሚያ ዕንቁላል በጨው ውሃ ውስጥ አየር እየተነፋለት በ25 ዲግሪ ገደማ በአንድ ቀን ተኩል ጊዜ ይፈለፈላል። ሲንቀሳቀስ ያየ ዓሣ ይከተለዋል፤ ከዚያ የቀዘቀዘ ሽሪምፕ፣ በመጨረሻ ደረቅ ምግብ ይለምዳል። አርቴሚያ ብቻውን ግን ባዶ ምግብ ነው፤ የመጥሪያ ደወል አድርገን ብናየው ይሻላል። ምግቡን በነጭ ሽንኩርት ጭማቂ መንከር የምግብ ፍላጎት ይቀሰቅሳል የሚሉ አሉ፤ ጥገኛን ይገድላል የሚለው ግን አልተረጋገጠም።

እንደ ሰርጅን ዓሣ ያሉት ቀኑን ሙሉ አልጌ ሲግጡ የሚውሉ ናቸው፤ የደረቀ የባሕር አልጌ ቅጠል በገንዳው ግድግዳ ላይ ይቆንጠጥላቸው። ስፒሩሊና ያለበት ምግብም ይስማማቸዋል። ይህ ተሕዋስ ከቦሌ ሩቅ ባልሆነው በቢሾፍቱ አጠገብ ያለውን አረንጓዴ ሐይቅ አረንጓዴ ያሰኘው ነው፤ ለምግብ የሚሆነው ግን ተጣርቶ የተዘጋጀው እንጂ በባልዲ የተቀዳው አይደለም። የበሬ ሥጋ ስቡ በዓሣው ሰውነት ሙቀት ስለሚረጋ አይስማማም። የዳቦና የእንጀራ ፍርፋሪ ደግሞ ለውሃው እንጂ ለዓሣው የተሰጠ አይደለም፤ ሕፃናት ባሉበት ቤት ይህን ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል። ኬቶዶን ኦስትሪያከስ የሚባለው የቀይ ባሕር ቢራቢሮ ዓሣ ኗሪነቱ በሕያው ኮራል ላይ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ውበቱ አያታልለን፤ አለመግዛት ነው። ለጀማሪ የሚሻለው በሰው እጅ የተፈለፈለ፣ ደረቅ ምግብ የለመደ ክላውን ዓሣ ነው።

አሁን ወደ ካዝናው እንመለስ። በገንዳችን ያለው ኦክስጅን 80 ሊትር በ5.1 ተባዝቶ 408 ሚሊ ግራም ነው። 1 ግራም ደረቅ ምግብ ሳይበላ ቀርቶ ሙሉ በሙሉ ቢበሰብስ 1,000 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ኦክስጅን ይፈልጋል። ገንዳው ካለው ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። የሚበሰብሰው በአንድ ጊዜ ባይሆንም፣ መብራት በጠፋበት ሌሊት ከዓሣው ጋር የሚሻማው እርሱ ነው። በሻይ ማንኪያ ያልሞላ ትርፍራፊ!

ቢበላስ? 45 በመቶው ፕሮቲን የሆነ 1 ግራም ምግብ 72 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን አለው። ግማሹ በአሞንያ መልክ ቢወጣ 36 ሚሊ ግራም ነው፤ በ80 ሊትር ሲካፈል በሊትር 0.45። በፒኤች 8.2 ከዚህ 7 በመቶ ያህሉ መርዘኛው ነው፤ 0.03 ሚሊ ግራም። ለረጅም ጊዜ ከ0.02 እንዳያልፍ ይመከራልና በአንድ ቀን ወሰኑ ታልፏል። ስፖንጁ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ይህን ሊለውጡት ይችላሉ፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ግራም ናይትሮጅን 4.6 ግራም ያህል ኦክስጅን ያስከፍላሉ። ለ36ቱ ሚሊ ግራም 165 ገደማ ማለት ነው፤ ከካዝናው 40 በመቶ። ፓምፑ እስከሠራ ድረስ ይህ ይተካል፤ ሲቆም ግን አይተካም።

ስለዚህ ለ50 ግራም ዓሣ በቀን ግማሽ ግራም ደረቅ ምግብ በሦስት ወይም በአራት ጊዜ ተከፋፍሎ ይሰጥ። ዓሣ ከበላ በኋላ ለሰዓታት ኦክስጅን አብዝቶ ይወስዳል፤ አንዱን ትልቅ ምግብ መከፋፈል የኤሌክትሪክ ኃይል መሥሪያ ቤቶች የምሽቱን ከፍተኛ ፍላጎት ለመቀነስ ከሚያደርጉት ጋር ይመሳሰላል። በ5 ደቂቃ ያልተበላው በቀጭን ጎማ ተስቦ ይውጣ። የመጨረሻው ምግብ ከመኝታ ሰዓት ጥቂት ቀደም ይበል። በየሁለት ቀኑ ሩቡ ውሃ እኩል ሙቀትና ጨዋማነት ባለው ይቀየር።

መብራት ሲጠፋ ምግብ ወዲያው ይቆማል፤ ጤናማ ዓሣ ለሁለትና ለሦስት ቀን መጦም አይጎዳውም። ገንዳው በጎንና በጎኑ በጋቢ ይሸፈን፣ አናቱ ግን ክፍት ይሁን። በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ ከሌለ ውሃውን በኩባያ እየቀዱ ከአንድ ክንድ ከፍታ መልሶ ማፍሰስ ይቻላል፤ በየግማሽ ሰዓቱ ጥቂት ደቂቃ።

30ው ቀን ያለ ምልክት ካለፈ፣ ዓሣው ደረቅ ምግብ ሳይመርጥ ከበላና የስንጥቡ ቁጥር ከረጋ ወደ ዋናው ገንዳ ይዛወራል። ጨዋማነቱ አስቀድሞ ይስተካከላል፤ የለይቶ ማቆያው ውሃ ግን አብሮ አይገባም። መረቡ፣ ጎማውና ባልዲው ለሁለቱ ገንዳዎች የተለያዩ ይሁኑ። ከዚያ ባዶው ገንዳ ታጥቦ ይደርቃል፤ የባሕር ጥገኞች ድርቀትን አይችሉም። በበጋ የቦሌ ፀሐይ ሥራውን በሁለት ቀን ይፈጽመዋል። በክረምት ግን እስኪደርቅ መጠበቅ ስለማያዋጣ በክሎሪን ታጥቦ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ይለቅለቅ፤ ስፖንጁም ተጥሎ በዋናው ገንዳ ውስጥ አዲስ ይቀመጥ።